በአዳራሹ የተሰቀለው የአድማሱ ፎቶግራፍ

የአድማሱን አሟሟት ለሕዝብ አሳዩ፤ የተቀበረበትን ግን ለእናቱ አላሳዩም። እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው።

ቦንጋ ወህኒ ቤት በር ላይ ሴት ፈታሽ ሆኜ የተቀጠርኩት ደርግ እንደወደቀ ነው። የመጀመሪያው ቀን ተረኛው አሥር አለቃ ጫፉ የሾለ ሽቦ ሰጠኝና፣ "ቆጮውን ውጊ፣ ወጡን አማስይ። ያመጣችው ሴት ፊትሽ ካልቀመሰች አይገባም" አለኝ። እኔም ያገኘሁትን ሁሉ ስወጋ ዋልኩ።

"አንቺ፣ ቆጮዬን እኮ ወንፊት አደረግሽው! ባሌ ዱቄት ይንፋበት?" ብላ አንዷ ሰልፈኛውን አሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ እጄን አለዘብኩ።

እማማ ዘነበች በየበዓሉ ከዋጫ ከተማ ይመጡ ነበር። ልጃቸው አድማሱ በደርግ ጊዜ እዚሁ ታስሮ ነበር። በዚያው ዘመን አንድ ቀን ጠባቂዎቹ በር ላይ "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ" አሏቸው፤ ሌላ ቃል የለም። እሳቸው ግን ማምጣቱን አልተዉም። በደንቡ መሠረት ፊቴ ይቀምሱና "ጠያቂ ለሌለው ስጭልኝ" ይሉኛል።

"እማማ፣ እርምዎን ለምን አያወጡም?" አልኳቸው አንዴ።

"ሬሳውን ሳላይ? ማን ሞተ ብዬ?"

አንድ ዓመት በከተማው አዳራሽ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። ከድሮ ቢሮ የተገኘ ፎቶግራፍም ተሰቀለ። እጁን የኋሊት የታሰረ፣ ዓይኑ በጨርቅ የተሸፈነ ወጣት ከድንጋይ አጥር ሥር ቆሟል። ጠመንጃ የደገኑበት ሰዎች ጀርባቸው ብቻ ይታያል። ከሥሩ "የደርግ ግፍ" ይላል እንጂ ስም የለበትም። አጥሩን አወቅሁት፤ የወህኒ ቤታችን ነው። ልጁን ግን አላውቀውም።

ምናልባት ብዬ እማማ ዘነበችን ወሰድኳቸው። ፊቱን ትተው ሹራቡን አዩ።

"ክርኑ ላይ ያለው እራፊ የእኔ ስፌት ነው" አሉ።

ሊዳብሱት እጃቸውን ሲዘረጉ አስጎብኚው "እናቴ፣ አይነካም" አላቸው።

"የወለድኩት ነው" አሉት። መንገድ ለቀቀላቸው።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሲነሱ "አሟሟቱንስ አየሁ። የት ነው ያለው?" አሉኝ።

ጥያቄውን ይዤ የወህኒ ቤቱ አዛዥ ዘንድ ገባሁ። "እትዬ፣ ይህ የእርስዎ ሥራ አይደለም" አለኝ።

"በር ላይ የሚጠይቁት እኔን ነው። ታዲያ የማን ሥራ ነው?"

እሱ ወደ ሌላ ቦታ ተቀየረ። ተተኪው ደግሞ "የቀድሞው ሥርዓት ጉዳይ ነው" አለኝ።

"ፎቶውን አዳራሽ የሰቀለውስ የትኛው ሥርዓት ነው?" አልኩት። ከቢሮው አስወጣኝ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አልተውኩትም። ሦስተኛው አዛዥ ሲመጣ እማማን ደጅ አስቀምጬ ገባሁ። ይህኛው በሩን ዘጋ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"እትዬ፣ እዚያው አጥሩ ሥር ነው፤ እናውቃለን። ግን ብቻውን አይደለም። ለእሳቸው ካስቆፈርን የሁሉም እናት ትመጣለች።"