የእትዬ አስካለ ጥቁር ዳቦ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ይዛ ወደ ማድ ቤት መጣችና «እማዬ፣ አንቺ መሐል ሜዳ አስተምረሽ የለ? ይሄን ዳቦ ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። እዚያ አዲስ ዳቦ ቤት የከፈተ ሰው ምን እንጋግርላችሁ ብሎ ደንበኞቹን ጠይቋል። የአብዛኞቹ መልስ አንድ ነው። «የድሮውን የገብስ ዳቦ መልሱልን።» «ጥቁሩን! ጥቁር አዝሙድ ያለበትን!» አየሁና ስልኩን መልሼላት ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ። የማላውቀው መሰላት።

መሐል ሜዳ የተመደብኩት ገና ለጋ መምህርት ሳለሁ ነው። እዚያው መንዝ፣ የሞላሌ ልጅ ስለሆንኩ ብርዱ አዲስ አልሆነብኝም። የተከራየኋት ክፍል ከዳቦ ቤቱ ጓሮ ነበረች። ባለቤቶቹ ጋሽ ደምሴና ሚስታቸው እትዬ አስካለ ነበሩ። ነጩን የስንዴ ዳቦ ጋሽ ደምሴ ይጋግሩታል፤ ጥቁሩ ግን የእትዬ አስካለ ነው። የገብስ ዱቄት ከጥቂት ስንዴ ጋር ቀላቅለው በጠላ ድፍድፍ ያቦኩታል። ጧት ጉሙ ሳይገፈፍ ሽታው በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡ እርጥብና ጎምዘዝ ያለ ነው። በርኖሳቸውን ደርበው ከዘመሮ በኩል ለገበያ የሚመጡ ገበሬዎች ሌላውን ዳቦ «ንፋስ» ይሉታል። «ይሄኛው ግን ሆድ ይይዛል» ይላሉ።

አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ግርማ። የምድጃውን የባሕር ዛፍ እንጨት እየፈለጠ ከሩቅ ይስቃል። በዚያች ጠባብ ጓሮ ስንተላለፍ ተግባባን፤ ቆይተንም ተዋደድን። ይህን ከሁለታችን በቀር ያወቀ አልነበረም። በሰው አገር ያለች አስተማሪ ስሟ ከተነሣ አይመለስምና፣ ነገሩ በሽማግሌ እስኪያዝ ዝም እንድንል የለመንኩት እኔ ነኝ።

በጥቅምት ውርጭ አንድ ጧት «ሳዑዲ ልሄድ ነው» አለኝ።

«በምን?»

«በእግር ነዋ፤ በበረሃ። ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ። ከዚያ ቀጥታ ሞላሌ፣ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ።»

ለመንኩት፤ አልሰማኝም። እናቱ ጥቁሩን ዳቦ አድርቀው ስንቅ ቋጠሩለት። ሲሰነባበቱ እኔ ከክፍሌ በር ላይ እንደማንኛውም ተከራይ ቆሜ «በሰላም ግባ» አልኩት።

ክረምቱ መጥቶ ሄደ፤ ወሬ የለም። ቆይቶ አብሮት የወጣ አንድ ልጅ ከሰውነት ተራ ወጥቶ ተመለሰ። ጋሽ ደምሴ አንድ ሳያስቀሩ ጠየቁት። «ባሕሩ ዳር ተለያየን። እሱ በሌላኛው ጀልባ ተሳፈረ» አለ፤ ሌላ የሚያውቀው የለም። ያን ቀን እትዬ አስካለ የድፍድፉን እንስራ አጥበው ፀሐይ ላይ ደፉት። «ግርማ ሳይመጣ ገብስ አላቦካም» አሉ።

ደንበኛ መጀመሪያ ታገሠ። ሰንበትበት ሲል ግን መጠየቅ ጀመረ። ጥርስ የሌላቸው አዛውንት ሳይቀሩ፣ በሻይ እየነከሩ የለመዱት ነውና፣ ከበሩ ላይ ቆመው «ዛሬም የለም?» ይላሉ። የኔው ባልደረቦችም በዕረፍት ሰዓት ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ማንም ክፋት አልነበረውም። እትዬ አስካለ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ከሚከሱ ወደ ሥራቸው ቢመለሱ ይሻላቸዋል ብለው የሚያስቡም ነበሩ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ተላከባቸው። ለዳቦ ሽማግሌ ሲላክ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የነፍስ አባታቸውና ጋሽ ሽፈራው የሚባሉ የሰፈር ሽማግሌ መጡ። እትዬ አስካለ ብቻቸውን መቀመጥ ስላልወደዱ እኔንም ጠሩኝ።

«አስካለ፣» አሉ ጋሽ ሽፈራው፣ «አገሩ ሁሉ ልኮን ነው። የገበሬው ስንቅ፣ የሽማግሌው ምሳ አንቺ ዘንድ ቀረ። ልጅሽም ቢሆን ሥራሽን ብትተዪ አይወድልሽም።»

«ምያለሁ፣ ጋሽ ሽፈራው።»

የነፍስ አባታቸው ቀስ ብለው «መሐላሽን እኔ እፈታልሻለሁ፣ ልጄ» አሉ። «እግዚአብሔር የእናትን ጭንቀት ያያል።»

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አይጋገር፣ እትዬ» አልኩ። ድምፄ ከምፈልገው በላይ ጮኸ። «እመጣለሁ ብሏል። ይቆዩት።»

«አንቺ ልጅ፣ አንቺን ምን አገባሽ?» ብለው ጋሽ ሽፈራው ተቆጡኝ። እትዬ አስካለ ግን ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አልነቀሉም። እንባዬን ዋጥኩ፤ አላመለጣቸውም። ያኔ የገባቸው ይመስለኛል። እጄን ይዘው ጨበጥ አደረጉና «እሺ፣ አባ። ለገበያ ቀን ይደርሳል» አሉ።

የገበያው ዕለት ሽታው ገና በማለዳ መንገዱን ሞላው። ከአህያው ጭነት ሳያወርድ የተሰለፈ ነበር። ሰው ትኩሱን እየቆረሰ ይሳሳቃል፤ «ተመስገን!» ይላል፤ ጋሽ ደምሴን ትከሻቸውን ይመታል። እሳቸው እያቀበሉ ማንንም አያዩም።

ዳቦው ሊያልቅ ሲል እትዬ አስካለ ከጓሮ ወጡ። ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀዋል። በሩ ላይ ቆሙና ድምፃቸውን ሳያነሡ «ብሉ» አሉ። «የልጄ ተዝካር ነው። ነፍስ ይማር በሉልኝ።»

የጎረሰ ሰው መዋጥ አቃተው። አንድ ገበሬ ቁራሹን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይም ማስቀመጥ፣ ኪሱም መክተት ተስኖት ቆመ። ከዚያ አንዲት ሴት ጮኸች፤ ገበያው ወደ ለቅሶ ዞረ። ድንኳን ተተከለ። እኔም ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀምጬ ንፍሮ አደልኩ፣ ውኃ ቀዳሁ። ጸጉሬን ብነጭ «ምኑ ነሽ?» እባላለሁና ከሰው አስበልጬ አላለቀስኩም።

እትዬ አስካለ ከዚያ በኋላ ምድጃው አጠገብ አልደረሱም። የመጣ ገዢም ጥቁሩን ዳግመኛ አልጠየቀም። በዓመቱ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። እሳቸውም ጋሽ ደምሴም ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

አሁን በልጄ ስልክ ላይ የሚጽፉትን ሰዎች አልቀየማቸውም። ያኔ ልጆች የነበሩ ይሆናሉ፤ ጣዕሙ ትዝ ብሏቸዋል። ባለ ዳቦ ቤቱም ይሞክረው ይሆናል፤ ገብስ እንደሆነ መንዝ ሞልቷል። የግርማ ሞት በዓይን ያየው ሰው የሌለ፣ በእናቱ ቃል ብቻ የጸደቀ ሞት ነው። ያን ቃል የተናገሩት ምናልባት እኔ ስጠብቀው እንዳላረጅ ብለው ይሆናል። እሳቸው አልቅሰው ወጣላቸው። እኔ ግን እንደ ጎረቤት አለቀስኩ፤ እንደ ጎረቤት ያለቀሰችን ደግሞ «እግዜር ያጽናሽ» የሚላት የለም። ዛሬ ልናገረው የምፈራው ስሜን የሚያነሣ ሰው ስላለ አይደለም፤ ግርማን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ስለሌለ ነው።