ኮሚክ ሳይሰበር የሚልከው የፍሮግታውኑ ሰይድ

እንዴት ብዬ ልመን? ትናንት እኮ እየሳቀ ቮይስ ልኮልኛል።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ ወጥቼ ፓርኪንግ ውስጥ ሳለሁ የሰይድ ልጅ ሀያት ደወለች። "ሄለን፣ ባባ… ሂ ዲድንት ዌክ አፕ" አለችኝ። ሱብሂ ሰግዶ ትንሽ ልጋደም እንዳለ፣ በዚያው አሸለበ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰይድ የደሴ ልጅ ነው። ሴንት ፖል ከተማ፣ ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ስልክ ይጠግናል፣ ከቨርና ቻርጀር ይሸጣል። በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ በኦንላይን ኮሚክ፣ ያንን በሥዕል ታሪክ የሚነገርበትን መጽሔት፣ ይሸጣል። ግሬድ የተደረገውን ማለቴ ነው፤ ባለሙያ መርምሮ ነጥብ የሰጠውንና በደረቅ ፕላስቲክ ኬዝ የታሸገውን። ኬዙ ከተሰነጠቀ ገዢው ይመልሰዋል።

እኔ ነርስ ነኝ፣ ኮሚክ እሰበስባለሁ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ሳቁብኝ።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። ሻጩ ማን እንደሆነ ሳላውቅ አንድ ኮሚክ አዘዝኩ። በስስ ኤንቨሎፕ መጣ። ስከፍተው ኬዙ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ብግን ብዬ በእንግሊዝኛ ረጅም ስድብ አይሉት አቤቱታ ጻፍኩ። የላኪውን ስም ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰይድ፣ ሴንት ፖል። እኔ ሚኒያፖሊስ፣ እሱ ከወንዙ ማዶ!

"ሀበሻ ነህ እንዴ?" ብዬ ጨመርኩበት።

ወዲያው ደወለ። "ወይኔ ጉዴ! ሄለን ሲል እኮ ፈረንጅ መስለሽኝ ነው! ድራይቭ አድርጌ በእጄ ማድረስ ስችል፣ በፖስታ ልኬ ሰበርኩብሽ!"

ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ቤቴ ድረስ መጣ። ብሬን መለሰልኝ፤ ግን አልሄደም። ኤንቨሎፑን አንስቶ እያገላበጠ ቆየ።

"ይሄ የመጀመሪያዬ ቢሆን ጥሩ ነበር" አለኝ። "አንድ ሰው ደግሞ መጥፎ ሪቪው ቢጽፍብኝ አካውንቴን ይዘጉታል። ሀያት 'ባባ፣ ጀስት ጊቭ አፕ' ትለኛለች።"

"ለምን በደህና ሣጥን አትልክም?"

"ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ልግዛ ብል ትርፌን ካርቶን በላው። መተው ደግሞ አልችልም። እዚህ አገር ስመጣ እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ኮሚክ ነው። ቃሉ ሲጠፋኝ ሥዕሉን አይ ነበር።"

ይሄን ብሎኝ እንዴት ልሸኘው? "ቅዳሜ ና፣ እንሞክራለን" አልኩት።

ቅዳሜ ከሱቁ ጎን ካለው ግሮሰሪ የለመነውን ካርቶን ተሸክሞ ከች አለ። የተሰነጠቀውን ኬዝ መሞከሪያ አደረግነው። በዚህ እንጠቀልለዋለን፣ በዚያ እንጠቀልለዋለን፣ ከዚያ ከደረጃው አናት እንለቀዋለን። ዷ! ጎረቤቴ በሯን ከፍታ "ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?" ስትል፣ ሰይድ በኩራት "ቴስቲንግ፣ ማዳም!" አላት።

በመጨረሻ አገኘነው። ኬዙን በላስቲክ ከረጢት፣ ከላዩ አየር የቋጠረውን ላስቲክ፣ ባብል ራፑን፣ ግራና ቀኙን ከኬዙ ሰፋ ያለ ካርቶን። ከዚያ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ፣ ዙሪያውን በተጨማደደ ወረቀት ጥቅጥቅ ማድረግ። የምንገዛው ሣጥኑንና ባብል ራፑን ብቻ ነው። ሰይድ ሲያሽግ ሣጥኑን ጆሮው ላይ አድርጎ ይነቀንቀዋል። "ካወራ አይሄድም!" ይላል። ውስጡ ቅንጣት ድምፅ ካሰማ፣ ፈቶ እንደገና ነው።

በዚያው ክረምት፣ በረዶው ሳይጠፋ፣ ካሉት ሁሉ አብልጦ የሚወደውን ኮሚክ አላስካ ላለ ሰው ሸጠ። እስኪደርስ ድረስ እህል አልቀመሰም ብል ማጋነን አይሆንም። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ደወለ፤ ድምፁ ከስልኩ አልፎ ኮሪደሩን ሞላው።

"ሄለን! ሣጥኑ ሞቷል፣ ልጁ ተርፏል!"

አብራኝ የምትሠራው የአዲስ አበባ ልጅ ደንግጣ ተነሳች። ለካ ገዢው ፎቶ ልኮለት ነው፤ ሣጥኑ መኪና የሄደበት ይመስላል፣ ኬዙ ግን ጭረት እንኳ የለውም። ከዚያ ወዲህ አንድም ኮሚክ ተሰብሮ አልተመለሰበትም። ጊቭ አፕ ያለችው ሀያትም ቅዳሜ ቅዳሜ ካርቶን ቆራጭ ሆነች። ለዘመዱ ብርጭቆ የሚልክ ሀበሻ ሁሉ መጀመሪያ ሰይድ ሱቅ ጎራ ማለት ጀመረ።

ዛሬ ለቅሶ ልደርስ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ቤታቸው ሄድኩ። ሀያት እጄን ይዛ ጋራዥ ወሰደችኝ። ትናንት ያሸጋቸው ኦርደሮች ተደርድረዋል። "ፒፕል አር ዌይቲንግ" አለችኝ፤ ከዚያ በአማርኛ፣ "ባባ ማዘግየት አይወድም።"

አብረን ፖስታ ቤት ወሰድናቸው። ሠራተኛዋ ሣጥኖቹን አይታ ፈገግ አለችና "ዌርስ ዳድ?" አለች። ሀያት ነገረቻት። ሴትየዋ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ እቅፍ አደረገቻት። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ያላለቀሰችውን እዚያ አለቀሰች፤ ስንወጣ ፊቷ ቀለል ብሎ ነበር።

ሰይዶ፣ ባለፈው ሳምንት ሱቅህ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅን "ሱቄ ደህና፣ ልጄ ደህና፣ ምን ቀረኝ?" ብለኸኝ ነበር። እውነትህን ነው፣ ምንም አልቀረህም። የቀረነው እኛ ነን።

ነገ ከዙህር በኋላ እንሸኝሃለን። እኔ በለመድኩት ነፍስህን በገነት ያኑራት እላለሁ፤ ወንድሞችህ በእናንተው ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቅህ ይላሉ። አንተ ለሁላችንም አሚን በል።

ደህና ሁን፣ ከወንዝ ማዶ ያገኘሁህ ወንድሜ።