ጉም የሚተፋው በርሜል

ዝንብ እጠላለሁ። ሌላው እባብ ይጠላል፣ አይጥ ይጠላል፤ እኔ ዝንብ ነው የምጠላው። ሱቄን ሊያሳጣኝ ነበራ! ሱቅ ስላችሁ ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። መርካቶ፣ ወደ ምን አለሽ ተራ በሚያስገባው መንገድ ጠርዝ ላይ ያለች፣ ከፊቷ ቆርቆሮ የተዘረጋላት አንዲት ጠባብ ቦታ ናት። እናቴ ከወሎ መጥታ ቴምርና ሙዝ እየሸጠች ያሳደገችን እዚያች ላይ ነው። እሷ ስትሞት ለእኔ ቀረች። በደርግ ጊዜ ደግሞ የንግድ ቦታ ቀበሌው ዛሬ የሚሰጥህ፣ ነገ የሚነሳህ ነገር ነበር።

ያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን የተገናኙበት ዓመት ነው። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ሚያዝያ አናት ይበሳል። ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሰናል፣ አቧራው ከሥር ያፍነናል። ለእኔ ግን ረመዳን ማለት አዝመራ ነው፤ ቴምር ሳይዝ ወደ ቤቱ የሚገባ ጾመኛ የለም። ምን ዋጋ አለው፣ ቴምሩን ከሰው ቀድሞ ዝንብ ይሰለፍለታል። ከጎኔ ደግሞ የጎጃሟ እትዬ ማር ይሸጣሉ። ቴምርና ማር ጎን ለጎን! የአገሩ ዝንብ ሁሉ እኛ ዘንድ ድግስ የተጠራ ይመስል ነበር።

የቀበሌው የጽዳት ኃላፊ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ካኪውን ግጥም አድርጎ ለብሷል፤ ፊቱ አይፈታም። ቴምሩን የሸፈንኩበትን ጨርቅ በእስክሪብቶው ጫፍ ገለጥ ሲያደርገው ዝንቡ ቡን ብሎ ተነሳ።

«ጓዲት፣ ይሄ ምንድነው?»

ጾሙ ይዞኛል፣ ሙቀቱ አናቴ ላይ ወጥቷል፤ አፌ ድሮም ልጓም የለው። «ምን ያደርጋል ብለው ነው ጓድ? ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» አልኩት።

እኔ ስለ ዝንብ ነው ያወራሁት፣ ወላሂ! የሰማ ሁሉ ግን ዞሮ አየኝ። ተሸካሚው እንኳ ሸክሙን እንደያዘ ቆመ። በየሳምንቱ ቀበሌ ተሰብሰቡ እየተባልን በምንጠራበት ዘመን፣ «ቢሰበሰብ» የሚለው ተረት ለማን እንደሚተረት ማን ያጣዋል?

«ዝንቡ ማነው?» አለኝ ጓዱ፣ ቀስ ብሎ። «ሰፊው ሕዝብ ነው?»

እትዬ ከማራቸው ኋላ ብድግ ብለው «ጓድ፣ ይማሯት! ጾም ነው የሚያናግራት። ልቧን እንጂ አፏን አይዩባት» ብለው ለመኑልኝ። እሱም ተረቱን እንዳልሰማ አልፎ፣ ፍርዱን ዝንቡ ላይ ጣለው። «መጪው አርብ እመለሳለሁ። አንድ ዝንብ ባይ ሱቁን አሽገዋለሁ። ቦታውን የሚፈልግ ሞልቷል።»

ሲሄድ እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉኝ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ቸገረኝ።

ባሌ ምን አለሽ ተራ ምድጃና ኩራዝ የሚሠራ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። እጁ ወርቅ ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይቀድማል። ጉዳዩን እያለቀስኩ ስነግረው ሳቀ! «ለዝንብ ነው እንዴ እንባ የምታፈሺው? ጉም እሠራልሻለሁ» አለኝ።

«የምን ጉም?»

«ውሃው ደቅቆ ደቅቆ አየር የሚመስል። ዝንብ ክንፉ ሲርስ የት አባቱ ይበርራል? አንቺንም ያቀዘቅዝሻል። ጠጅ ሳር አፍልተን ከውሃው ጋር እንቀላቅላለን፤ ሽታውን ዝንብ አይወደውም።»

«ጉም የሚሠራ አላህ ነው፤ አንተ ምድጃህን ሥራ» ብዬ ቆጣሁት። እሱ ግን ነገሩ ልቡ ከገባ ማን ይመልሰዋል? ምን አለሽ ተራ ከእናትና ከአባት በቀር የማይገኝ ነገር የለም። ከከባድ መኪና የወጣ የአየር በርሜል አገኘ። ከጎሚስታው ጎማ መንፊያ ለመነ። ቀጭን የመዳብ ቱቦ በቆርቆሮው ጠርዝ ዙሪያ ዘርግቶ፣ የተጣሉ የቡታጋዝ ምድጃዎችን አፍንጫ፣ እነዚያን መርፌ እንኳ በግድ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች፣ እየነቀለ ቱቦው ላይ በየተራ በየዳቸው። በርሜሉን ግማሽ ውሃ ሞላው፤ ቀሪውን አየር ነፍቶ አስጨነቀው። መንገደኛው እየቆመ ያያል፤ ባሌም እየሠራ ለመንገደኛው ያስረዳል። ሲያስረዳ ብታዩት ጨረቃ ላይ ሊወጣ ነው የሚመስለው።

መክፈቻውን ሲያዞረው «ፍስስስ» አለ። ከዚያ የመርካቶ ጋዝ ቤቶች ሁሉ አንድ ላይ የፈሰሱ ይመስል ሸተተን። ለካ የምድጃ አፍንጫ የዓመታት ጋዝ ጠጥቶ የኖረ ነው! ከላይ ያለው ቴምር በሙሉ ጋዝ ጋዝ አለ። እትዬ «ኧረ ክብሪት እንዳትጭሩ!» እያሉ ማራቸውን አቅፈው ሸሹ። እኔ ባሌን ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። አላህ ይማረኝ፣ ጾመኛ ነበርኩ።

አፍንጫዎቹን ነቅሎ በአመድና በሎሚ ፈትጎ፣ በፈላ ውሃ ቀቅሎ መልሶ በየዳቸው። ሲከፍተው ውይ! እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ውሃ አይደለም፣ ጭስም አይደለም፤ ነጭ ሆኖ፣ ቀዝቅዞ፣ ጠጅ ሳር ጠጅ ሳር እየሸተተ ከቆርቆሮው ጠርዝ ወረደ። ዝንቦቹ ግራ ተጋብተው ሲራወጡ ቆዩና ማዶ ወዳለው ሻይ ቤት ተሰደዱ። ኩሊዎቹ፣ በጊዜው አነጋገር ወዛደሮቹ፣ ሸክማቸውን ተሸክመው ከሥሩ ማለፍ ጀመሩ፤ አንዳንዱ መንገዱም ባይሆን ዞሮ ይመጣል። «ማሻ አላህ!» ይላል አንዱ፣ «የእግዜር ሥራ!» ይላል ሌላው። ባሌ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። እኔም ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ሰው እያየ እጁን ያዝኩት።

ደስታዬ እስከ ማግስቱ ብቻ ቆየ። እትዬ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል ውሃ የማይቀምሱ አጥባቂ ናቸው። ከጉሙ ሥር ቆመው ፊታቸውን ሲያቀዘቅዙ ድንገት አፋቸውን ያዙ። «አንቺ፣ ይሄ ነገር አፌ ገባ። ጾሜን ፈታሁ እንዴ?»

ሳቅሁባቸው። የመጣብኝን መዘዝ አላወቅኩም። ቴምር ልትገዛ የቆመች አንዲት ሴት ሰምታ «እውነትም! የእኛስ ጾም?» አለችና ሻሽዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ሄደች። ወሬ በመርካቶ እግር አያስፈልገውም። ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ከእኔ በር ሲደርስ አፉን ገጥሞ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ በሩጫ የሚያልፍ ሆነ። «ጾም የሚያስፈታው ጉም» አሉት። ዝንብ የለም፣ ገዢም የለም። ቴምሬ ንጹሕ ሆኖ ብቻውን ተቀመጠ።

ከመስጊዱ አጠገብ ቆብ የሚሸጡ አንድ አዛውንት ሼህ አሉ፤ ሄጄ ጠየቅኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና «ልጄ፣ ሆን ብሎ ካልዋጠው የመንገድ አቧራስ ይገባ የለም ወይ?» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል ግን ያዙኝ። «ይሁንና የተጠራጠረን ጾመኛ በግድ አታርጥቢው። ልቡን ትረብሺዋለሽ።»

ይሄን ይዤ ተመለስኩ። ከባሌ ጋር ተከራክረን ተከራክረን አንድ ሐሳብ ላይ ደረስን። ጉሙን ጠዋት ገዢ ሳይመጣ፣ ቀትር ላይ ደግሞ ሰው ለሶላት ሲገባ እንለቀዋለን፤ የጠጅ ሳሩ ሽታ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ግን የመግሪብ አዛን እስኪባል ድረስ አንነካውም። ይሄንንም ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እየማልኩ ነገርኩ። «አዛን ሳይል ጠብታ አይወጣም፣ በእናቴ አፈር!» አልኩ።

ሰው መሐላዬን አመነ። እንዲያውም ሌላ ነገር መጣ። አመሻሹ ላይ ጾመኛው ቴምሩን ገዝቶ በእጁ ይዞ ከቆርቆሮዬ ሥር መቆም ጀመረ። አዛኑ ሲል ባሌ መክፈቻውን ያዞራል፤ ቀን ሙሉ ሲቃጠል የዋለ ፊት ሁሉ ወደ ላይ ቀና ይላል። እትዬ ሳይቀሩ ወንበራቸውን ስበው ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ሰዓት በሕይወቴ አላየሁም።

አርብ ደረሰ። ጓዱ የመጣው ልክ በዚያ ሰዓት፣ ሰው ከሥሩ ተሰብስቦ አዛን በሚጠብቅበት ጊዜ ነው። ሰንሰለትና ቁልፍ የያዘ ሰው አስከትሏል። የቀትሩ ሽታ ጠፍቶ ነበርና፣ ያለመታደል ሆኖ፣ አንዲት የተረገመች ዝንብ ቴምሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አያት።

«ጓዲት፣ መሣሪያ አሠርታለች ሲሉ ሰማሁ። የታለ ሥራው?»

ባሌ እጁን መክፈቻው ላይ አድርጎ በዓይኑ ይለምነኛል። ብንከፍተው ዝንቧ ትሄዳለች፣ ሱቄም ትተርፋለች። ግን ከሥሩ የቆመው ሰው ሁሉ አፌን አምኖ የቆመ ነው። የእናቴን ቦታ አየሁ፤ የሰዎቹን የደረቀ ፊት አየሁ።

«አልከፍትም» አልኩ። «አዛን ሳይል አልከፍትም ብዬ ምያለሁ። ሰው ጾም ይዟል። ማሸግ ከፈለጉ ያሽጉት ጓድ።»

ሰንሰለት የያዘው ሰው ወደፊት ተራመደ። ጓዱ ግን እጁን ዘርግቶ አስቆመው። ተሰብስቦ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ አየ፤ ወደ ሚናሬቱም ቀና አለ። በመጨረሻ ወደ ሰውየው ዞሮ «አንተ ቢሮ ሂድና ጠብቀኝ። እኔ ብቻዬን አጣራለሁ» አለው። ሰውየው ሰንሰለቱን እያንቀጫቀጨ ሄደ።

ቆምን። ያኔ ነው ፊቱን በቅርብ ያየሁት፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፣ ምራቁን መዋጥ እንኳ ያቃተው ይመስላል። እኔ ያን ዓይነት ከንፈር የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ስሸጥለት የምውለው ሰው ከንፈር ነው።

አዛኑ «አላሁ አክበር» ሲል ባሌ መክፈቻውን አዞረ። ጉሙ ወረደ። ቴምር የያዘውን ሳህን ለሰው ሁሉ እያዞርኩ ከሱ ዘንድ ስደርስ፣ ምንም ሳልል፣ አላየሁም ለማለት ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ ዘረጋሁለት። ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳዬ አዞረ። ከሳህኑ አንዲት ቴምር ስትነሳ በዓይኔ ጥግ አየሁ። «ቢስሚላህ» የሚል፣ ከጉሙ ድምፅ የማይበልጥ ሹክሹክታ ሰማሁ።

ፊቱን በመሐረብ ጠረገና ካኪውን አስተካከለ። በቢሮ ድምፁ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ «ዝንብ አላየሁም» አለ፤ ሄደ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ለቁጥጥር መጣ። በሠልስቱም መጣ። ረመዳን እስኪወጣ ድረስ ቁጥጥሩን አንድም ቀን አላጓደለም።