የዘለልኳት ቃል

ሴል ውስጥ ያለችው ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክት ቀድማ ተበላሽታ ነው ሴሉ ነቀርሳ የሚሆነው ወይስ ነቀርሳው ነው ምልክቷን የሚያበላሻት? ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

ፊደል የቆጠርኩት አግብቼ ከፈታሁ በኋላ ነው። መተማ ዮሐንስ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ እያበጠረች በምታገኘው ገንዘብ ያስተማረችኝ ታላቅ እህቴ ናት። አሁን እዚያው ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጡቷን አሟት ጎንደር ያስመረመርኳት ጊዜ፣ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ውጤት ለእኔ ሰጠኝና «ሕክምናው ቶሎ ይጀመር፤ አንቺ ንገሪያት» አለኝ።

«ምን ይላል?» አለችኝ መናኸሪያው ላይ።

«እብጠት ነው ይላል።»

«ተመስገን! እንግዲያ የሰሊጡ ሥራ ይርገብና እንመለሳለን።»

ወረቀቱ «ክፉ እብጠት» ነው የሚለው። «ክፉ»ን ዘለልኳት፤ የሐኪሙ «ቶሎ»ም ተከትላት ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ዝዬ ስመለስ፣ ሙቀቱ ጋብ እስኪል ስልኬ ላይ ስለ በሽታው አነባለሁ። ሴል ውስጥ የፕሮቲን ትእዛዝ ተጽፎ ይመጣል፤ ተሸካሚ አር ኤን ኤ የሚባለው ደግሞ ፊደሉን እያየ ተገቢውን አሚኖ አሲድ ያቀርባል። ተሸካሚው ላይ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶች አሉ። እነሱ ሲጎድሉ ወይም ሲበዙ፣ ከትእዛዙ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ንባቡ ያጋድላል፤ በአንዳንዱ ነቀርሳ ሴሉን የሚያራቡት ፕሮቲኖች ይበዛሉ። ደጋግሜ አነበብኩት። የእህቴም ወረቀት አልተለወጠም። ተሸካሚዋ እኔ ነበርኩ።

ሥራው ግን አልረገበም፤ እሷም እየከሳች ሄደች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዤ መጋዘኑ ሄድኩ። ከጆንያ ተሸካሚው ጋር ትጨቃጨቃለች።

«ጆንያው ላይ የተቀባው የአብርሃ ጅራ አካባቢ ምልክት ነው፤ ውስጡ ያለው ግን የሽንፋ ሰሊጥ! ማነው የቀባው?»

«እትዬ፣ ሰሊጥ ያው ሰሊጥ ነው።»

«ላንተማ አህያም ፈረስም አንድ ነው!»

እሱ እየሳቀ ሲወጣ ጠጋ አልኳት። «እታለም፣ የጎንደሩን ወረቀት አጉድዬ ነው ያነበብኩልሽ።»

ወንፊቷን አስቀመጠች። «ምኑን?»

«ክፉ እብጠት ነው የሚለው። ነቀርሳ ነው። ሐኪሙም ቶሎ ነው ያለው።»



«አንች፣ የተማሪ ‹ሀ› እና ‹ሐ› ስታርሚ ትውያለሽ፤ ለኔ ሲሆን ቃል ትሰርቂኛለሽ?» መዳፏ ላይ የተጣበቀውን ሰሊጥ ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «በይ፣ እንደተጻፈው አንብቢልኝ።»

ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት።

«የጠዋቱ የጎንደር መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለችኝ።