ባሌ የነዳው ወንዝ

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ልጄ ስታጠና ከጎኗ ቁጭ ብዬ ነው። ስለ ቮልጋ ግን የሚያስተምረኝ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር።

ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ከልጄና ከልጅ ልጄ ጋር ነው የምኖረው። የልጅ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ማክሰኞ ዕለት ስለ ቮልጋ አገር መሬት፣ ሀብትና ሕዝብ ክፍል ፊት ቆማ ተናገረች። አስተማሪዋ «ከኮምፒውተር ያነበብሽው ነው፣ ያንቺ የሆነ ነገር የለበትም፤ ዓርብ ድገሚው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ እህል በአፏ አልዞር አለ። እናቷ መጋዘን ሥራ ላይ ናት። የኔም እግር እንደሆነ ቤት አይቀመጥ፣ «ነይ ወክ እናድርግ» ብዬ ይዣት ወጣሁ። በዚህ ሰፈር በእግራችን የምንሄደው እኔና ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች ብቻ ነን።

«ስለ ምን ነበር ተናገሪ የተባልሽው?»

«ስለ ቮልጋ።»

«ታዲያ ይሄ ምን ያስለቅሳል? አያትሽ ሰባት ዓመት ነድቶታል።»

ቀጥ ብላ ቆመች። «እማማ፣ ሪቨር ነው እኮ። ወንዝ አይነዳም።»

«የምን ወንዝ? ጥቁር ነው፣ በሩ ከባድ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከኋላ ይቀመጣል፣ አያትሽ ይነዳል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ያጥበዋል።»

«ወንዙን ያጥበዋል?» አለችና ሳቀች። ከማክሰኞ ወዲህ ገና መሳቋ ነው።

ስልኳን አውጥታ ፈለገች። ለካ መኪናው ስሙን ያገኘው ከወንዙ ነው፤ የተሠራበትም ከተማ እዚያው ወንዝ ዳር ነው። ወረድ ሲሉ ደግሞ ላዳ የሚሠራበት ከተማ አለ፤ አዲስ አበባን ስታመላልስ የኖረችው ላዳ። አርባ ዓመት ስሙን ስጠራው ውኃ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ እሷ ደግሞ ውኃነቱን አውቃ መኪናነቱን አታውቅ።

ከዚያ በኋላማ ጥያቄው ከኔ ሆነ። አዋሽ ዳር ነው ያደግሁት፣ የወንዝ ነገር አይጠፋኝም።

«የት ይገባል?»

«ካስፒያን። ግን ማለቴ፣ ባሕሩ መውጫ የለውም።»

«እንደ አዋሽ ነዋ። አዋሽም በረሃ ገብቶ ነው የሚቀረው። ምን ያበቅላል?»

«ስንዴ። ከመሬት ሥር ደግሞ ነዳጅ አለ።»

«እንደዚሁ እንደ ቴክሳስ። ሰዉስ?»

«ሩሲያውያን አሉ፣ ታታሮች አሉ። አንድ ከተማ ውስጥ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም አለ።»

«ሲቸገሩ ይረዳዳሉ?»

«እሱ አልተጻፈም።»

«እንግዲያው አንቺ ያልተጻፈውን ተናገሪያ፤ የአያትሽን ነገር።»

ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ኮል አደረገችልኝ።

«እማማ፣ ‹አያቴ ቮልጋን ሰባት ዓመት ነድቷል› ብዬ ጀመርኩ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ እስክጨርስ ሰሙኝ።»

«አስተማሪሽስ?»

«አሁን ያንቺ ሆነ አለችኝ። ግን አንዱ ‹አያትሽ ወንዙን አይቶት ያውቃል?› ሲለኝ፣ ሰኞ እነግርሃለሁ አልኩት።»

«አላየውም» አልኋት። «ግን እንደሱ አድርጎ ያጠበው የለም በይው።»