ከሽማግሌው ፊት ያለፍኩበት ቀን

የመዝናኛ ፓርኩ ካርድ በፖስታ የመጣልኝ ዕለት ሲዋርድ በሚባለው ሰፈር ካለው አፓርታማችን እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሦስት ጊዜ ከቦርሳዬ አውጥቼ አየሁት። ፎቶዬ አለበት። ረጅም ሰልፍ መቆም ስለማልችል አንድ ሰው አስከትዬ በየመጫወቻው በጎን በር እንድገባ ይፈቅዳል። የእግሬ የነርቭ ሕመም ከውጭ አይታይም፤ አሥር ደቂቃ ከቆምኩ ግን ጉልበቴ ይከዳኛል።

ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ነግሬያቸው አላውቅም። እወዳቸዋለሁ፤ ግን ከሰሙ በየእሁዱ እጁን ጭኖ የሚጸልይልኝ ሰው ራሱ ሰልፍ ይይዛል። ስለዚህ ትምህርት ሲዘጋ በየሰመሩ አብረን ወደ መዝናኛ ፓርኩ ስንሄድ፣ ራሴን ያዞረኛል እያልኩ የሰው ሁሉ ቦርሳ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት። የሚመጣው ሰመር ከጓደኞቿ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር መቀመጥ እንደማትፈልግ አውቃለሁ። ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም።

ከልጄ ጋር ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረው ባቡር፣ ሮለር ኮስተሩ ጋ ስንደርስ ልቤ እንደ ልጅ ልብ ይዘል ነበር። የጎን በሩ ግን ከሰልፉ አጠገብ ነው። እዚያ ፀሐይ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ቆመዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ለምነው ነው ያመጧቸው። ታላቅን ቀድሞ ማለፍ እኛ ቤት ነውር ነው። ይሉኝታዬ መጣና ካርዱን ዘረጋሁላቸው።

"አባባ፣ እርስዎ በዚህ ይግቡ" አልኳቸው።

በሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ ሳቋን እየያዘች ካርዱ ፎቶው ላይ ላለችው ሴት ብቻ እንደሚሠራ በእንግሊዝኛ ነገረችን። ሽማግሌው ምን አለች ብለው ልጄን ጠየቋት። እሷም በተሰባበረ አማርኛዋ ካርዱን አስረዳች፤ እግሬን ጨምራ። ስደብቀው የኖርኩት ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሽማግሌው አንዴ እግሬን፣ አንዴ ፊቴን አዩ።

"ታዲያ ለምን ቆመሽ ታወሪኛለሽ? ግቢ እንጂ!"

ገባን። የፊተኛው ወንበር ደረሰን። ጫፉ ላይ ወጥተን ትንሽ ስንቆም ከታች ዛፎቹና የመኪና ማቆሚያው በሙሉ ታዩኝ። ከዚያ ወረድን። ልጄ ዓይኗን ጨፍና ክንዴን ቆነጠጠችው። እኔ ግን ምንም እንዳያመልጠኝ ዓይኔን በልጥጬ ጮህኩ፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ስንወርድ ልጄ ጸጉሯን ከፊቷ እየጠረገች "ማሚ፣ ዋን ሞር ታይም? አንዴ ብቻ እንድገመው?" አለችኝ።

ሽማግሌው አሁንም ሰልፉ መሃል ነበሩ። እንደገና ወደ ጎን በሩ በአጠገባቸው ሳልፍ እጄን አውለበለብኩላቸው።