ተተኪ ያላገኘው አያ ይርጋ

ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ስልኬ ጮኸ። «አያ ይርጋ አረፈ» አለችኝ አብራው የምትሠራ ነርስ። የትኛው ይርጋ ብዬ ጠየቅኋት። የማውቀው አንድ አያ ይርጋ ብቻ ሆኖ ሳለ። ሥራ ውሎ ገብቶ፣ ጋደም እንዳለ ቀረ አለች። እስካሁን አላመንኩም።

ለማታውቁት፣ አያ ይርጋ አዲ አርቃይ በኩል ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ብቸኛው የላብራቶሪ ባለሙያ ነበር። በዲፕሎማ ገብቶ በዲፕሎማ ኖረ። ከጎንደር ለተግባር ልምምድ ስሄድ ማይክሮስኮፕ በወጉ ያስያዘኝ እሱ ነው።

የወባ ምርመራ ላይ፣ ደሙን በሌንስ መቶ ቦታ ሳያዩ «የለም» አይባልም። እኔ ሆዬ ሃያ ሠላሳ አየሁና የአንዲትን እናት ውጤት «ነጻ» ብዬ ሰጠሁ። እሱ ደግሞ ሲያየው ወባ ነው። ጋዋኑን እንደለበሰ መናኸሪያ ድረስ ሮጦ ሴትዮዋን ከመኪና አስወርዶ አመጣት። ከዚያ ላቡን እየጠረገ፣

«ሸጋ ዓይን አለሽ። ብቻ ቶሎ ይጠግባል» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በቸኮልኩ ቁጥር «ምነው፣ ዓይንሽ ጠገበ?» ይለኝ ነበር።

ዲግሪውን ለመማር ስንቴ አመለከተ መሰላችሁ። መልሱ ሁሌም «ተተኪ ሲገኝ» ነው። እሱ ከሄደ ላብራቶሪው ይዘጋላ።

ልምምዴን ስጨርስ «እኔ ተመርቄ እመጣለሁ፤ አንተ ትማራለህ» አልኩት። ሳቀብኝ። በነጋታው ግን «ተተኪዬ ተገኝታለች» ብሎ አዲስ ማመልከቻ አስገባ።

ተመረቅኩ። ጎንደር ሥራ አገኘሁ። ለአንድ ዓመት ብቻ ነው አልኩ። ከዚያ የማስተርስ ዕድል መጣ። ከሁሉ ቀድሞ ደውሎ «እንኳን ደስ ያለሽ» ያለኝ እሱ ነው። ስለ ቃሌ አንድም ቀን አላነሳብኝም። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ።

ነርሷን ማን ተክቶት እየሠራ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ማን አለና፤ ተዘግቷል» አለችኝ።

አያ ይርጋ፣ ተቆጥተኸኝ ቢሆን ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ስንቱን አስተምረህ አንተ ሳትማር ቀረህ፤ በዚህ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት። ነገ ማልጄ እነሳለሁ። እመጣለሁ ያልኩህን መንገድ የምመጣው ለቀብርህ ሆነ።

ይቅር በለኝ። ደህና ሁን፣ አያ።